ከሌባዬ ጋር ስላቆራኘኝ የበጀት ቅነሳ

ኅዳር 24 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ሻምበል ረታ
የሰባት ዛፍ ፖሊስ ጣቢያ አዛዥ
ከቦሌ ወደ ገርጂ በሚወስደው መንገድ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

የተከበሩ ጓድ ሻምበል ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ወገብዎን እንደሚያምምዎ አሥር አለቃ ላጲሶ ሲያጫውተኝ ከልቤ አዝኛለሁ፤ በቢሮዎ የቀረው ወንበር ባለ ሦስት እግር ሆኖ አራተኛውን እርስዎ በጉልበትዎ ደግፈው ሕዝብ ሲያስተናግዱ በዓይኔ አይቻለሁና የወገብዎን ሕመም ለአገር እንደ ተከፈለ መሥዋዕትነት እቆጥረዋለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። አብሮኝ የታሰረው ሰውም ደኅና ነው፤ ይህን ስጽፍ በግራ ጎኔ ተቀምጦ «የኔንም ሰላምታ ይጻፉልኝ» ብሏልና ሰላምታው ይድረስዎ።

ስሜ ገሰሰ ዓለምሰገድ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በመዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ፣ ቁጥርና ቀን የሌለው ደብዳቤ ሳይ እንቅልፍ የሚነሣኝ ሰው ነኝ። ይህን ጽሑፍ በቀበሌያችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በአራት ስፒል ለመለጠፍ የደፈርኩት፣ ባለፈው ስብሰባ እርስዎ ራስዎ ተነሥተው «ሂስ ያንጻል፤ ማንም ሳይፈራ ይናገር» ስላሉን ነው። ንግግርዎ እኔን በሚገባ አንጾኛል፤ ይህ የኔ ደግሞ እርስዎን ጥቂት ቢያንጽ ብዬ ነው።

የበጀቱ መቀነስ የእርስዎ ጥፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ገንዘቡ ወዴት እንደ ሄደ ልጁን ወደ ሰሜን የሸኘ ወላጅ ሁሉ ስለሚያውቀው እዚህ አላነሣውም። የኔ ፍላጎት በተረፈችው ነገር እንዴት አድርጋችሁ እያገለገላችሁን እንደ ሆነ ተመዝግቦ እንዲቀመጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ ስለ ወረቀት። መስከረም 22 ቀን እሑድ ጧት የቀበሌው ሕዝብ «ንብረትን ከሌባ ስለ መጠበቅ» የሚል ትምህርት እንዲሰማ በግዴታ ተጠርቶ፣ እኔና ባለቤቴ ወይዘሮ ዘርፌም ቀሪ ተብለን እንዳንመዘገብ በሩን ዘግተን ሄድን። ትምህርቱ ጥሩ ነበር፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ስንመለስ የዘርፌ የስፌት መኪና ከነእንጨት ክዳኗ ከበረንዳችን ላይ የለችም። በእጅ የምትዞር አሮጌ መኪና ናት፤ ሆኖም ላለፉት ሃያ ሁለት ዓመታት እንጀራችን የተጋገረው በእርስዋ ነው፤ የኔ ጡረታ ወጡን እንኳ በቅጡ አይደርስበትም። ይባስ ብሎ ዘርፌ ለጥምቀት ሠላሳ አንድ ያገር ልብስ ቀሚስ ለመስፋት የሰው ጨርቅ ተቀብላ በሣጥን ቆልፋ ነበር። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የሚለውን ተረት እርስዎም ያውቁታል፤ ሠላሳ አንድ ሴቶች ግን ሲበጣጠስ ዝም ብለው ቆመው የሚያዩ አይመስለኝም።

ወዲያውኑ ወደ ጣቢያዎ ሮጥኩ። በበሩ አጠገብ፣ በግድግዳው ላይ፣ በከሰል፣ «በበጀት ቅነሳ ምክንያት አቤት ባይ ወረቀትና ካርቦን ይዞ ይምጣ» የሚል ማስታወቂያ አነበብኩ። የእጅ ጽሑፉ ያምር ነበር። ተመልሼ ቤቴ ሄጄ በስንብቴ ቀን መሥሪያ ቤቴ ከሸለመኝ ወረቀት ላይ አሥራ ሁለት ሉክ ቆጥሬ አመጣሁ። ሁለቱ ለኔ ቃል ዋሉ፤ የቀሩት አሥሩ «ለሌላው ተበዳይ ይሁን» ተብለው እዚያው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ በሠፈራችን የጠፋች ፍየል፣ የተፈነከተ ራስና የተሰደበ ጎረቤት ሁሉ የተመዘገበው በኔ ወረቀት ላይ ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም መንግሥት ያለኔ እንዳልሆነለት ሳይ ደስ ብሎኛል።

2ኛ/ ስለ ተሽከርካሪ። የጣቢያው መኪና ጎማዎቹ ለሌላ ጣቢያ ተሰጥተው እርሱ በአራት ድንጋይ ላይ መቅረቱን፣ የኋላ ወንበሩም ተነቅሎ ለባለጉዳይ መቀመጫ መሆኑን አይቻለሁ። እኔም በዚያ ወንበር ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ስለ ተቀመጥኩ የፖሊስ መኪና አልደረሰልኝም ብዬ አፌን ሞልቼ መናገር አልችልም።

3ኛ/ ስለ ጫማ። ለጣቢያዎ ዘንድሮ የደረሰው ጫማ አንድ ጥንድ ብቻ በመሆኑ አሥር አለቃ ላጲሶና ወታደር ገብረአምላክ በፈረቃ እንደሚጫሙት የሠፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። አንዱ ጫማውን አጥልቆ ለጥበቃ ሲወጣ ሌላው ባዶ እግሩን ከጠረጴዛው ሥር ደብቆ ባለጉዳይ ያነጋግራል፤ ከመቀመጫው ብድግ የማይለው ከኩራት የተነሣ እንዳልሆነ እኔ ለብዙ ሰው አስረድቻለሁ። ችግሩ የጫማው ቁጥር አርባ ሦስት ሲሆን የላጲሶ እግር ሠላሳ ዘጠኝ መሆኑ ነው። ስለዚህ አሥር አለቃው የጫማው አፍንጫ ውስጥ ወረቀት ይጠቀጥቅበታል። ጥቅምት 8 ቀን ፋይሌ ከምን እንደ ደረሰ ልጠይቅ ብቅ ብል ላጲሶ እንደ ማፈር ብሎ ወደ እግሩ ተመለከተ። ቃሌ ከነፊርማዬ በቀኙ ጫማ፣ የካርቦን ቅጂው በግራው ጫማ ውስጥ ነበር። አልተቀየምኩትም፤ ላጲሶ ጨዋ ልጅ ነው፣ ውኃ የቋጠረ ተረከዙንም አሳይቶኛል። ደግሞም በሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎቴ ቢሮ ውስጥ ተኝቶ የሚከርም ፋይል እንጂ በየቀኑ ሠፈር የሚዞር ፋይል አይቼ አላውቅም ነበር።

4ኛ/ ስለ ምርመራ። መርማሪው ከበጀቱ ጋር ስለ ተቀነሰ «ሌባውን ሲያገኙት ይንገሩን» ተብለን ተሰናበትን። ያገኘችው ዘርፌ ናት። ያቺ መኪና ወፍራም ስፌት ላይ ስትደርስ አንድ እርምጃ ትዘላለች፤ ዘርፌ ይህን አመሏን እንደ ልጇ አረማመድ ነው የምታውቀው። በጥቅምት መጨረሻ ሾላ ገበያ በርበሬ ልትገዛ ሄዳ ከፊቷ በቆመች ሴት ቀሚስ ጠርዝ ላይ ያንኑ ዝላይ ታያለች፤ ከዚያ በኋላ በርበሬውን ትታ የሴትዮዋን ቀሚስ በሁለት እጇ ይዛ አልለቅም አለች። ሴትዮዋ መጀመሪያ ጮኸች፤ ቀጥሎም ማን እንደ ሰፋላት ነገረቻት። ልብስ ሰፊውም መኪናዋን አስረክቦ ማን እንዳመጣለት ነገረን። ካሳዬ የሚባል፣ ይሠራበት የነበረው የሕንፃ ሥራ በሲሚንቶ እጦት ቆሞ ቤት የዋለ ሰው ሆኖ ተገኘ። ቤቱ ድረስ ሄደን ስንጠራው ወጣ፣ ለኔ ካደኝ፣ ዘርፌን ቀና ብሎ ሲያያት ግን ክህደቱን እዚያው ተወው። ኅዳር 5 ቀን ሰኞ ሌባውን በእግሩ፣ መኪናዋን በትከሻዬ አድርጌ ጣቢያዎ ድረስ አቀረብኩ። ያለ አንዳች የመንግሥት ወጪ የተጠናቀቀ ምርመራ በመሆኑ ለሌሎች ጣቢያዎችም በአርአያነት ቢጠቀስ መልካም ነው።

5ኛ/ ስለ ቁራኛ። የዋህ ነኝና ሌባው ይታሰራል፣ መኪናዋ ትመለስልኛለች ብዬ ነበር። እናንተ ግን መኪናዋን አስራችሁ ሌባውን ለኔ ሰጣችሁኝ። መኪናዋ ኤግዚቢት ስለ ሆነች እስከ ፍርድ ከጣቢያ አትወጣም ተባለ። ማረፊያ ቤቱ ደግሞ ጣራው ተገፍፎ ጠባቂውም ተቀንሶ ተዘግቷል፤ የቀረችውም አንዲት ካቴና ከቁልፏ ጋር ተለያይታለች። በዚህ ጊዜ እርስዎ ጢምዎን እያሻሹ ጥቂት አሰቡና የአያቶቻችንን ሥርዓት አስታወሱ፤ ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸው ተቆራኝቶ ዳኛ ፊት የሚሄዱበትን ማለቴ ነው። አሥር አለቃ ላጲሶ የጋቢዬን ጫፍ ከካሳዬ ኮት ጫፍ ጋር አጥብቆ ቋጥሮ «እስከ ቀጠሮው እንዳትለያዩ» ብሎ በር ድረስ ሸኘን። ፊውዳሊዝም ከነሰንኮፉ ተነቀለ ሲባል በሰልፍ ወጥቼ እጄ እስኪቀላ ያጨበጨብኩ ሰው ነኝ። አንዲት ሰንኮፍ ለክፉ ቀን አስቀርታችሁ ኖሯል፤ አርቆ አሳቢነታችሁን አደንቃለሁ።

እነሆ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆነን። በኅብረት ሱቅ ስኳር የምንሰለፈው አብረን ነው፤ የስኳሩ ድርሻ ግን ያው የሁለት ሰው ነው፣ ሦስተኛው ሰው በደብተራችን ላይ እንዲመዘገብ ከጣቢያው ደብዳቤ ይምጣ ተብለናል፣ ጣቢያው የሚጽፍበት የለውም። ኅዳር 21 ቀን የጽዮን ማርያም ዕለት አብረን አስቀድሰናል፤ እኔ ስሰግድ እርሱም ይሰግዳል፣ ምርጫ የለውም፤ ሆኖም ከወንጌሉ ጥቂት ሳይገባው አልቀረም። በጎረቤታችን ለቅሶ ደግሞ የእድሩን ድንኳን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቀጥ አድርጎ ስለ ተከለው የእድሩ ዳኛ አባል ሁንልን ብለው ለምነውታል። በዚያው ለቅሶ ቤት ሦስት ሰዎች ለየብቻ ጠጋ ብለው «ገሰሰ፣ ምን አጥፍተህ ነው የያዘህ?» ሲሉ ጠይቀውኛል። ሌባ ጠባቂው እኔ መሆኔን ባስረዳም ፊቴን አይተው ያመኑኝ አልመሰለኝም። ካሳዬም በበኩሉ ቅሬታ አለው፤ «ሌሊት ያንኮራፉብኛል፤ ጣቢያው የሰጠኝም ቋጠሮ እንጂ ጆሮ መድፈኛ አይደለም» ይላል። ቅሬታውን ለሚመለከተው ክፍል አስተላልፋለሁ ብዬ ቃል ስለ ገባሁለት እነሆ አስተላለፍኩ።

6ኛ/ ስለ ኤግዚቢት። ኤግዚቢት አይነካም የሚለውን ሕግ አውቃለሁ። እናንተ ግን ዕቃው ሥራ ፈትቶ እንዳይዝግ ተጨንቃችሁ ዘርፌን ማክሰኞና ሐሙስ «ለተጨማሪ ምርመራ» ትጠራላችሁ። ምርመራው ጉልበቱ የተቀደደ ሱሪ፣ ኮሌታው የተላጠ ሸሚዝ፣ አንድ ጊዜም የእርስዎ የቤት መጋረጃ ነበር። እኔና ካሳዬ ተቆራኝተን እናጅባታለን። በገዛ መኪናዋ ፊት ተቀምጣ የመንግሥትን ሱሪ ስትጠግን ትውልና መኪናዋ እዚያው አድራ እርስዋ ባዶ እጇን ትመለሳለች።

እዚህ ላይ፣ ጓድ ሻምበል፣ ተራ ቁጥሩን ላቋርጥና እንደ ሰው ልናገርዎ። የዘርፌ ዓይን ደክሟል። ሠላሳ አንዱን ቀሚስ በእጅ መርፌ ጀምራው እስከ ዛሬ አራት ብቻ ጨርሳለች። ጣቷ ተበሳስቶ የሰው ነጭ ልብስ ደም እንዳይነካው በጨርቅ ጠቅልላ ነው የምትሰፋው። ክሩ በመርፌው ቀዳዳ አልገባ ሲላት የሚያስገባላት ካሳዬ ነው። የሰረቃት ሰው ክር ሲያስገባላት፣ ንብረቷን ሊጠብቅላት የተቋቋመው ጣቢያ መኪናዋን አስሮ ሲያሠራት በአንድ ሳምንት ውስጥ ማየት ሰው ያሳምማል፤ እኔን አሞኛል። ባለ ጨርቆቹ በየቀኑ በር ያንኳኳሉ። ባለፈው ሐሙስ አንዲቱ «ጨርቄን ሸጠሽው እንደ ሆነ ቁርጡን ንገሪኝ» አለቻት። ዘርፌ ከሰው ጨርቅ ላይ ብጣሽ እንኳ አስቀርታ አታውቅም። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያላት ሰው አልነበረም፣ እኔም እንዲያ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። ሌባውም ያን ቀን ራቱን አልበላም።

አሁን ወደ ፍርድ ቤቱ ጉዳይ ልለፍ። ኅዳር 16 ቀን ዓርብ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግራችን ሄደን፣ እንደ ተቆራኘን ችሎት ቀረብን። ከጣቢያዎ የመጣ ሰው አልነበረም፤ ጫማው በዚያ ቀን ሌላ ግዳጅ ላይ ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ። የተከበሩት ዳኛ ቀና ብለው ሁለታችንን መዘኑና ወደኔ አመልክተው «ተከሳሽ፣ ቃልህን ስጥ» አሉኝ። ካሳዬ በትሕትና እጁን አውጥቶ «ጌታዬ፣ ሌባው እኔ ነኝ፤ እኚህ ባለንብረቱ ናቸው» ባይል ኖሮ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ከሌላ አድራሻ ነበር። ዳኛው በግልጽነቱ ተደሰቱ፤ ሆኖም የእምነት ቃል ፋይል ካልቀረበ በምን ላይ ይጻፋል ብለው ለጥር 25 ቀን ቀጠሩን። ጥምቀት ጥር 11 ነው።

ስለዚህ ከምስጋናዬ ጋር አንዲት ልመና አለችኝ። መኪናዋን እስከ ቀጠሮው ቀን ድረስ በዋስ ይልቀቁልን። አትሸሽም፣ ምስክር አታባብልም፣ ቃሏን አትለውጥም። ዋስ የሚሆናት ቢያስፈልግ እኔ አለሁ፤ ሁለተኛ ዋስ ካስፈለገም ካሳዬ ፈቃደኛ ነው። ይህ ከሥልጣንዎ በላይ ከሆነ ደግሞ እኔን አስገብተው እርስዋን ያስወጡልኝ፤ እኔ ቤት ውስጥ ተቀምጬ የማመጣው ነገር እንደሌለ ዘርፌም ትመሰክራለች።

በዚሁ አጋጣሚ ለወገብዎ ፍጹም ምሕረትን፣ ለወንበርዎ አራተኛ እግርን፣ ለአሥር አለቃ ላጲሶ ሠላሳ ዘጠኝ ቁጥር ጫማን፣ ለጣቢያዎም የሚቀጥለው ዓመት በጀት ቢያንስ ከዘንድሮው እንዳያንስ እየተመኘሁ፣ በግራ በኩል ካለው ሰው ፈቃድ ሳልጠይቅ ብድግ ማለት ስለማልችል ተቀምጬ እጅ እነሣለሁ።

ምንጊዜም በጥበቃዎ ሥር ያለሁ፣ ጥበቃውንም ራሴ የማካሂደው፣

ገሰሰ ዓለምሰገድ
የማይነበብ ፊርማ
(ካሳዬ አስነጥሶ ጋቢዬን ስለ ጎተተው ነው)

ግልባጭ፦
— ለቀበሌው የማስታወቂያ ሰሌዳ
— ለእድራችን ዳኛ
— ለወይዘሮ ዘርፌ
— ለተከሳሽ ካሳዬ (ሩቅ ስላልሆነ በእጅ የተሰጠ)

ድኅረ ጽሑፍ፣ ኅዳር 26 ቀን ሰኞ፦ ይህን ደብዳቤ ሳልለጥፈው አንድ ነገር ስለ ተፈጸመ እንደ ሕግ አክባሪ ዜጋ ማሳወቅ ግዴታዬ ነው። ዛሬ ከምሳ በኋላ ወንበሬ ላይ ሸለብ አድርጎኝ ስነቃ የጋቢዬ ጫፍ ከወንበሩ እግር ጋር በሥርዓት ታስሯል፤ ካሳዬ የለም። ለጣቢያዎ ላመለክት ቋጠሮውን እየፈታሁ ሳለ የዘርፌን መኪና ተሸክሞ በበሩ ገባ። ኋላ እንደ ተረዳሁት ጣቢያዎ ሄዶ «ዘይት ልትቀባ ነው» ቢል ወታደር ገብረአምላክ ክዳኗን አራግፎ፣ እንዳይከብደው ትከሻው ላይ አደላድሎ አሸክሞት፣ በሩንም ይዞ አሳልፎታል። ስለዚህ ኤግዚቢትዎ በጠራራ ፀሐይ ከፖሊስ ጣቢያ ተሰርቋል። የተሰረቀው ዕቃ ያለበት ቦታ ይታወቃል፤ ዘርፌ አምስተኛውን ቀሚስ እየሰፋችበት ነው፣ ሊወስደው የሚመጣ ቢኖር ከእርስዋ ጋር ይነጋገር፤ እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ስለማውቃት አልገባበትም። ሌባውም አልሸሸም፤ መክሰስ እየበላ ነው። ጣቢያዎ ምናልባት በጀት ተገኝቶ ዘበኛ የሚቀጥር እንደ ሆነ ማመልከቻ እንድጽፍለት ጠይቆኛል። እኔም ምስክርነቴን ከወዲሁ እሰጣለሁ፤ በዚህ ሠፈር አንድን የስርቆት ጉዳይ ጀምሮ የጨረሰ እስከ ዛሬ እርሱ ብቻ ነው።